ከቃሬዛው ፊት የሳቀው ሰው

መጋቢት 2

የውሃ ቢሮ ስብሰባ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ተኩል። መድረኩ ላይ ከተቀመጡት አምስት ሰዎች ሁለቱን እንቅልፍ ወስዷቸዋል። አንደኛውማ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቆ ለሃጩ ሊንጠባጠብ ምንም አልቀረው። አነሳሁት... እንዴት አላነሳው!

ቢሮ ስመለስ ዋና አዘጋጁ አይቶ ሳቀ። ስቆ ሲያበቃ «ይህንን አናወጣም» አለ። «ሰውየው ነገ ይደውላል። የማን ጆሮ ነው የሚቃጠለው? የኔ።» ዓይኑን የገለጠውን ሰው መረጠ። ዋና አዘጋጁን ሁላችንም «ሰዓቱ» ነው የምንለው፤ ከሰው ፊት ይልቅ የእጅ ሰዓቱን ስለሚያይ። በእርግጥ ከጀርባው ነው። ፊት ለፊት የሚደፍር የለም።

እማዬን ጉልበቷን ሲያማት ውሏል። ቅባት አሸሁላት። «ዛሬስ የማንን ፊት ለቅመሽ መጣሽ?» አለችኝ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ያልሰለቻት ጥያቄ። የተኙትን ሰዎች አሳየኋት። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

መጋቢት 5

ባጭሩ።

ረፋድ አምስት ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል የገበያው ሕንፃ የጀርባ ክንፍ ተደረመሰ። ሦስት ፎቅ። ክር፣ ቁልፍ፣ ዚፕ የሚሸጥበት በኩል። ስደርስ አቧራው ገና አልረጋም። ሰው ሁሉ አንድ ቀለም ሆኗል... አመድ የመሰለ። ጩኸት ይኖራል ብዬ ነበር። የለም። ሰው በእጁ ድንጋይ ያነሳል፣ ይወረውራል፣ ያነሳል። በየመሃሉ ከፍርስራሹ ሥር ስልክ ይጠራል። የሚያነሳው የለም።

አራት መቶ አሥራ ሁለት ፎቶ አነሳሁ። ስምንት መርጬ ላክሁ። እንዲህ ባለ ቀን እጄ ብቻውን ነው የሚሠራው። እኔ በኋላ ነው የምደርሰው።

አሥራ አንድ ሰው ሞቷል ተብሏል። ፍለጋው አላለቀም።

መጋቢት 6

የፊት ገጽ። ከግማሽ በላይ የያዘው የኔ ፎቶ።

አንድ ሰውዬ ነው። ወደ ሃምሳ የሚጠጋ። አቧራ የጠጣ ነጭ ጋዋን ለብሷል። ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ይስቃል። የመንጋጋ ጥርሱ ሳይቀር ይታያል። ከኋላው ሁለት ሰዎች ቃሬዛ ይዘው ያልፋሉ። የተሸፈነ ሰው አለበት፤ ጨርቁ አጥሮ እግሯ ወጥቷል። ሴት ናት።

ከላይ በትልቁ «ልብ የሌለው ሳቅ» ይላል። ከሥር ደግሞ፦ «አስከሬን ሲወጣ ከት ብሎ ሲስቅ የታየው ግለሰብ»።

እኔ ከፎቶው ጋር የላክሁት ጽሑፍ «ሰው፣ ቃሬዛ፣ የኋላ በር» የሚል ብቻ ነበር። ሌላ ምን ልጻፍ? አልጠየቅሁትም።

ቢሮ ውስጥ ያልጨበጠኝ የለም። ጸሐፊዋ «ዓይንሽን አይንሳሽ እቴ!» አለችኝ። ሰዓቱ ጋዜጣው እስከ ረፋድ ድረስ ተሽጦ እንዳለቀ ነገረኝ፤ ሰዓቱን ሳያይ ሦስት ደቂቃ አወራኝ። ደስ አለኝ። ለራሴ ነው የምጽፈው፣ ምን ያስዋሸኛል... ደስ አለኝ።

እማዬ መነጽሯን አድርጋ ፎቶውን ተመለከተችው። «ኧረ ይሄስ ሰው የወለደው አይደለም! ምን ዓይነት ጉድ ነው?» አለች። ዝም አልኩ።

መጋቢት 8

ፎቶው በየሰዉ ስልክ ገብቷል። ታክሲ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠች ልጅ ለጓደኛዋ ስታሳያት አየሁ። «ባገኘው እኮ አልለቀውም ነበር» ትላለች። ያነሳሁት እኔ ነኝ አላልኩም። ለምን? ሌላ ጊዜ ቢሆን አፌ አያርፍም ነበር።

መጋቢት 11

ጥበቃው ደወለ። «አንዲት ሴትዮ ፎቶ አንሺዋን ሳላይ አልንቀሳቀስም ብለዋል።» ወረድኩ።

አጠር ያለች ሴት። አንድ ጉንጯ አብጧል። ጋዜጣውን አራት ቦታ አጥፋ ይዛለች።

«ያነሳሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«የሳቀው ባሌ ነው። የሳቀው ደግሞ ለእኔ ነው።»

አልገባኝም። ጥበቃው ወንበሩን ለቀቀላት። ተቀምጣ ነገረችኝ።

ገበያው ውስጥ ክር ትሸጣለች። ያን ለት ጥርሷን ሲያማት አድሮ፣ አጠገቧ ለምትሸጠው ለቁልፍ ሻጯ «እስክመጣ ዕቃዬን እያየሽልኝ» ብላ ማዶ ካለው ክሊኒክ ሄደች። ማደንዘዣ ተወግታ ወንበሩ ላይ እንዳለች ሕንፃው ወረደ። ባሏ ፀጉር አስተካካይ ነው። ፀጉር ቤቱ ከገበያው ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነው። አንድ ሰው ግማሽ ድረስ ላጭቶ ወንበር ላይ ትቶ በጋዋኑ ሮጠ። ክር ተራው የነበረበትን ቦታ በግምት ፈልጎ በእጁ መቆፈር ጀመረ። እሷ የራሷን ስልክ ሱቅ ትታዋለች። ፖሊስ መንገዱን ዘግቶ አያሻግርም። በክሊኒኩ ስልክ ብትደውል ብትደውል አልይዝ ይላል። አርባ ደቂቃ።

«ሲያነሳው አፌ ደንዝዟል» አለችኝ። «‹አለሁ፣ አለሁ› ልል እፈልጋለሁ፤ የሚወጣው ግን ‹አውሁ፣ አውሁ› ነው። እንደ ሰካራም። ‹ማን ልበል?› አይለኝም መሰለሽ! ‹እኔ ነኛ!› ልል... ጭራሽ ባሰ። ያኔ ለየኝ። ለይቶኝ ሳቀ። ሃያ ስድስት ዓመት ስንኖር እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም።»

ፈገግ ልትል ነበር፤ ግን ጉንጯን ያዘችው።

«ቃሬዛው ላይ ያለችውስ?» አልኳት። ማወቅ ፈልጌ አልነበረም... ዝም ማለት ከብዶኝ እንጂ።

«ቁልፍ ሻጯ ናት። የኔን ዕቃ ስትጠብቅ። አሥራ አንድ ዓመት አንድ ጠረጴዛ ተካፍለናል።» ጋዜጣውን ዘረጋች፣ መልሳ አጠፈች። «ታዲያ እኔ ራሴ ለምን እንደሳቀ እያወቅሁ፣ ይህን ሳይ ተናደድኩበት። ገባሽ? እያወቅሁ! የማያውቀው ሰውማ ምን ይበል?»

ደንበኛ የሚባል ቀርቷል አለች። የሱቁ በር ላይ አንዱ በቀለም «ሬሳ ሳቂው» ብሎ ጽፏል። ላጽናና ብሎ ቁልፍ ሻጯ ቤት ሄዶ ከደጅ መልሰውታል።

ስትነሳ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ጠይቀሽው ቢሆን ይነግርሽ ነበር እኮ» ብላኝ ብቻ ሄደች።

መጋቢት 12

ለሰዓቱ ነገርኩት። በጥሞና ሰማኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን መጻፍ አለብኝ።

«ስቋል ወይስ አልሳቀም?»

«ስቋል።»

«ቃሬዛው ነበር ወይስ አልነበረም?»

«ነበረ።»

«ታዲያ ፎቶው ውሸቱ ምኑ ላይ ነው?»

«አርዕስቱ ላይ ነው። ‹ልብ የሌለው› ያለው ማነው?»

«እኔ ነኝ። አንቺ ምን ብለሽ ላክሽልኝ? ‹ሰው፣ ቃሬዛ፣ የኋላ በር›። ባዶ ዕቃ ሰጥተሽኝ ለምን በፈለግከው ሞላኸው ትይኛለሽ?»

ለነገ አሥራ አንደኛ ገጽ ላይ ማስተካከያ አወጣለሁ አለ። አራት መስመር። ከቤት ኪራይ ማስታወቂያው ሥር። ስለ ውሃ ቢሮው ሰውዬ አስታወስኩት። የተኛውን ለማዳን አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም ነበር። «እሱ ሌላ ነው» አለ። ምኑ ነው ሌላ? ስልክ ቁጥራችንን ማወቁ?

መጋቢት 14

ሄድኩ። ካሜራ አልያዝኩም። ቀኝ ትከሻዬ ቀልሎኝ መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር የረሳሁ ሲመስለኝ ነበር።

ሁለት ወንበር፣ ረጅም መስታወት፣ የተጣጠፉ ፎጣዎች። የበሩ ጽሑፍ ተፍቋል፤ ከተፈቀ በኋላም ይነበባል። ሰውየው ማንም ያልተቀመጠበትን ወንበር ይወለውላል። አየኝና ወዲያው አወቀኝ። እኔ እሱን ለማወቅ ፎቶ አስፈልጎኝ ነበር፤ እሱ ግን ያን ቀን ፊቴን አይቶታል።

«ነይ ግቢ። ለሴት እንኳ አላስተካክልም» አለ። ቀልዱ ነው። አልሳቀም።

ይቅርታ ጠየቅሁ። መወልወሉን አላቆመም።

«ከፊቴ ስንት ደቂቃ ቆመሽ ነበር?»

«ልክ አላውቅም... ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው።»

«ሁለት ደቂቃ!» አለና ወንበሩን አዞረው። «እኔ በሁለት ደቂቃ ሰው እዚህ አስቀምጬ ስንት ልጅ እንዳለው፣ የት እንደሚሠራ፣ ከሚስቱ ጋር ተኳርፎ እንደሆነ ሁሉ አውቃለሁ። ደግሞ ምላጭ ይዤ! አንቺ ‹ምን ሆነህ ነው?› ማለት አቃተሽ?»

«አልጠየቅሁም።»

«አልጠየቅሽም።»

ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «ስልኩን ስዘጋ ዞር ስል አየኋት። አምቡላንሱ ሞልቶ ሌላ እስኪመጣ ቃሬዛውን መሬት አስቀምጠውታል። እግሯ ውጪ ነው። አንድ እግሯ ጫማ የለውም። ጋዋኔን አውልቄ አለበስኳት። ይኼን ለሰው ስናገር የሚሉኝን ታውቂያለሽ? ‹ጋዋንህ የታለ?› እሷው ይዛው ሄደች እላለሁ። ይስቃሉ። አሁን የሚስቀው ሌላ ሰው ነው።»

አላስታውስም። እየዋሸ ነው? ብዬ አሰብኩ። እዚያው ፊቱ ቆሜ እንደዚያ አሰብኩ።

«ይቅርታሽን ተቀብያለሁ» አለኝ ስወጣ። «ለእኔ ግን ምንም አይሠራልኝም። የሟቿ ባል ዘንድ ድረስ የሚሄድ ነገር ካለሽ እሱን አምጪ።»

መጋቢት 15

ቢሮ ማንም ሳይገባ ገብቼ አራት መቶ አሥራ ሁለቱንም አንድ በአንድ ተመለከትኩ።

ሁለት መቶ ሠላሳ አንደኛው ሳቁ ነው። ጥርት ያለ፤ የጥርሱ መሃል ያለው አቧራ ይቆጠራል። ከዚያ ሌላ ሰው አንስቻለሁ... አካፋ የያዘ ፖሊስ። ሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠነኛው፦ የማላውቀው ሰው ትከሻ ግማሹን ሸፍኖታል፣ እጄ ተንቀሳቅሷል። ከትከሻው ወዲያ አንድ ሰው በሸሚዝ ብቻ ተንበርክኳል። በሁለት እጁ ነጭ ነገር ይዘረጋል። ከሥሩ ሁለት እግር፣ አንዱ ባዶ።

አንስቼዋለሁ። ዓይኔ ሥር ነበር። ደብዝዟል ብዬ አለፍኩት። ማለፌን እንኳ አላስታውስም።

ለእማዬ ሁለቱንም አሳየኋት። ረጅም ሰዓት ያዘቻቸው። «ሰው የወለደው አይደለም ብዬ ነበር...» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «አንቺ ደግሞ ዝም አልሽኝ» አለች።

መጋቢት 16

ደብዛዛውን ለሰዓቱ አሳየሁት፦ «ምንም አይታይም እኮ። ደግሞ የሟች እግር? ቤተሰቧ ሲያይስ?»

በፊተኛው ንቄው በኋለኛው አከበርኩት። ልክ ነው። እግሯን በፊት ገጽ አንዴ አውጥተናል፤ ያኔ ማን ጠየቃቸው? ሁለተኛ ሳልጠይቅ አይወጣም።

መጋቢት 19

ክር ሻጯ ወደ ቁልፍ ሻጯ ቤት ይዛኝ ሄደች። እሷን አይከለክሏትም። መንገድ ላይ ብዙ አላወራንም። በሩ ጋ ስንደርስ «እኔ ነኝ ጥበቂልኝ ያልኳት» አለችኝ፤ ለእኔ ያለችው አይመስለኝም።

የቁልፍ ሻጯ ባል ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ሰፊ ትከሻ፣ ያልተላጨ ጺም። ትልቋ ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣለች። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መስኮቱ ሥር ካርቶን ሙሉ ቁልፍ ተደርድሯል፣ በቀለም በቀለም የተለየ። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ልጅቷ ተነሳች። «ውጪልን!»

«ተቀመጪ» አሏት አባቷ። «እግሯ እስኪቀጥን መጥታለች፣ የመጣችበትን ትናገር።»

በሆዴ ስለማመደው የመጣሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። «ጋሼ፣ ሌላ ፎቶ አለኝ። ባለቤትዎ አሉበት። ፊታቸው አይታይም... እግራቸው ብቻ ነው። ማየት ካልፈለጉ አላሳይም፣ እዚሁ እቀደዋለሁ። ማንም አያየውም።»

ልጅቷ ዓይኗን መሬት ተከለች። ውጪ አንድ ሰው ብረት ይቀጠቅጣል፤ ስንት ጊዜ እንደቀጠቀጠ ቆጥሬአለሁ። አሥራ ሰባት።

«እግሯን አውቀዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «አሳዪኝ።»

መስኮቱ ጋ ይዘውት ሄዱ። አቀረቡት፣ አራቁት። ጣታቸውን ባዶው እግር ላይ አሳረፉ። «ይቺ ናት።» ቀጥለው ጣታቸው ወደ ተንበረከከው ሰው ሄደ። «ይሄስ?»

«ባሌ ነው ጋሼ» አለች ክር ሻጯ።

ሽማግሌው ለልጃቸው «ሆስፒታል የሰጡን ከረጢት የት ነው?» አሏት።

«አልጋው ሥር። አባባ... አንከፍተውም ብለን አልነበር?»

«አምጪው።»

ጥቁር ፌስታል ነው፣ ቋጠሮው እንዳለ። ልጅቷ ስትፈታው ቋጠሮው ጠብቆባት ክር ሻጯ አገዘቻት። አንድ ጫማ። መቀነት የመሰለ የገንዘብ ቦርሳ። ነጠላ ነገር መስሎኝ የነበረው ሲዘረጋ ጋዋን ሆነ። አቧራውና ደሙ ደርቆበታል። ኪሱ ውስጥ ማበጠሪያ። ኮሌታው ላይ ብጥስጣሽ ፀጉር... የዚያ ግማሽ ድረስ የተላጨው ሰው ፀጉር መሆን አለበት።

ሽማግሌው ማበጠሪያውን አገላብጠው አዩት።

«የሰውየውን ልብስ አልጋዬ ሥር አስቀምጬ ሰውየውን ከደጄ መለስኩት» አሉ።

ልጅቷ አለቀሰች። ክር ሻጯም። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ ቆምኩ። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። ቁጣ የለባቸውም፣ እንዲያው ማወቅ የፈለጉ ነው የሚመስሉት።

«እሱ ይህን አድርጎላታል። አንቺ እዚያ ቆመሽ ነበር። አንቺ ምን አደረግሽላት?»

«ፎቶ አነሳኋት።»

«እህ» አሉ።

መጋቢት 20

«እህ» የሚለው ቃል ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ነው።

መጋቢት 25

ቅዳሜ። ክር ሻጯ ደውላ «ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ፀጉር ቤቱ ነይ» አለችኝ። ካሜራዬን ልያዝ አልያዝ ብዬ ሁለት ጊዜ ከደረጃው ተመለስኩ። ያዝኩት፤ ከቦርሳ ግን አላወጣሁም።

መንገዱ ሙሉ ሰው ነው። ሽማግሌው ጋዋኑን አጥበው፣ ተኩሰው፣ በክንዳቸው ላይ አጥፈው በመሃል መንገድ መጡ። ልጃቸው ከጎናቸው። አቋርጠው መምጣት ይችሉ ነበር፤ ሆን ብለው በጫማ ጠጋኙ፣ በሱቁ፣ በጋራዡ በር ዞሩ። የሚያውቃቸው ሁሉ ቆሞ አየ። ደርሰው «ቤቶች!» አሉ።

ፀጉር አስተካካዩ ጋዋኑን ሲያይ ክው አለ። ሽማግሌው ራሳቸው አለበሱት። እጅጌው ጠቦት ሁለቱም ሲታገሉ ትንሽ አሳቀ... እኔን ነው ያሳቀኝ፤ እነሱ አልሳቁም። ከዚያ ሽማግሌው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

«ጺሜን አንሳልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ አልነካሁትም።»

«ጋሼ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል።»

«እንግዲያው አንገቴን ተጠንቀቅ። አንድ ቤት ሁለት ሐዘን አይችልም።»

በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ባለ ጋራዡ፣ ባለ ሱቁ። ምላጩ ጺም ላይ ሲሄድ ብቻ ይሰማል። ሽማግሌው በመስታወቱ ውስጥ አዩኝ።

«ምን ትገተሪያለሽ? አንሺ እንጂ! ለክፉው ቀን ማን ጠርቶሽ ነበር?»

«ጋሼ፣ እርሳቸውም መፍቀድ አለባቸው» አልኩ።

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አወረደ። አሰበበት። እውነትም አሰበበት፤ እምቢ ሊል እንደሚችል ታወቀኝ። «አንሺ» አለ። «ስትጨርሺ ግን አሳዪኝ።»

ስድስት ብቻ አነሳሁ። ሁለቱም ወንበሩ ላይ ጎንበስ ብለው የካሜራዋን ትንሽ መስኮት አዩ። እኔ ብሆን ሦስተኛውን ነበር የምመርጠው፤ ብርሃኑ ጉንጫቸው ላይ ያረፈበትን። እነሱ አምስተኛውን መረጡ። ሽማግሌው አረፋ በአረፋ ሆነው የሆነ ነገር እየተናገሩ ነው፣ ፀጉር አስተካካዩ አፉን ገጥሞ ያዳምጣል። «ይሄ እኛን ይመስላል» አሉ።

«ጋዜጣ ላይ ይውጣ?»

«ከነስማችን ከሆነ» አለ ፀጉር አስተካካዩ። ስሙን ከነአባቱ ነገረኝ። ፊደሉን አይቶ አስተካከለኝ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አልጠየቅሁትም ነበር... ለካ እስከ ዛሬም።

መጋቢት 27

ትናንት ከሰዓቱ ጋር ተጣላሁ። ጩኸት የለም፣ ሁለታችንም የምንጣላው ዝግ ባለ ድምፅ ነው። ፎቶው በፊት ገጽ፣ ከሥሩ የሆነው ነገር ሁሉ፣ የኛ ስህተት መሆኑም ጭምር አልኩ። ሦስተኛ ገጽ አለ። ከዛሬ ጀምሮ ከፎቶ ሥር የሚጻፈውን እኔ ካልጻፍኩት ፎቶ አልልክም አልኩ።

«ከሥራ ትወጫለሽ?»

«አልወጣም። አልልክም።»

ሰዓቱን አየ። «ሥራ በበዛ ቀን አሥር ደቂቃ ነው የምሰጥሽ።»

«ሁለት ይበቃኛል።»

ዛሬ ሦስተኛ ገጽ ላይ ወጣ። ስህተቱን ራሱ ሰዓቱ ጻፈው፦ «አርዕስቱን የሰጠው ዋና አዘጋጁ ነው።» እንዲያ ይጽፋል ብዬ አልጠበቅሁም።

ሚያዝያ 9

በፀጉር ቤቱ በኩል አለፍኩ። አንዱ ወንበር ሰው አለው፣ ሌላው ባዶ። ግማሹ ደንበኛ ተመልሷል አለኝ፤ ግማሹ ሌላ ቤት ለምዷል። ሚስቱ መንገድ ዳር ጠረጴዛ ይዛ ክር ትሸጣለች። ግማሹን ጠረጴዛ ለቁልፍ ሻጯ ልጅ ሰጥታታለች።

አሮጌው ፎቶ እስካሁን በየስልኩ ይዞራል። አዲሱን የሚያዞረው የለም። ባለፈው ሳምንት ከሌላ ሰፈር የመጣ ደንበኛ ግማሽ ድረስ ተላጭቶ «አንተን የሆነ ቦታ አይቼሃለሁ ልበል?» ብሎት ነበር።

አንድ ነገር አየሁ። ደንበኛው ቀልድ አወራ፣ ፀጉር አስተካካዩ ሳቀ። ሲስቅ አፉን በፎጣው ሸፈነ። ሚስቱን ጠየቅኋት። «ከዚያ ወዲህ እንዲያ ነው» አለች።

ይህን እኔ ነኝ ያደረግሁት። አይመለስም። መጻፍ ስላለብኝ ጻፍኩት።

ሰኔ 15

ትናንት ከወንዙ ዳር ያሉት ቤቶች ውሃ ገባባቸው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን ውሃው ጉልበት ይደርሳል። ደረስኩ። የፈቀዱልኝን ሰዎች አነሳሁ፦ ድስት በራሷ ላይ የደፋች ሴት፣ ሬዲዮኑን እንደ ሕፃን ያቀፈ ሽማግሌ። ስማቸውን፣ የቤት ቁጥራቸውን ጻፍኩ። ሽማግሌው ሬዲዮኑ ድሮም እንደማይሠራ ነገሩኝ።

አንዲት ሴት እርጥብ ፍራሽ እየጎተተች ስትወጣ ካሜራዬን ከፍ አደረግሁ፣ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን።

«እንዲህ ሆኜ ልታነሺኝ ነው? አይሆንም!»

አወረድኩት። «እሺ። ይቅርታ።»

«ታዲያ ቆመሽ ምን ትጠብቂያለሽ? በዚያ በኩል ያዢ!»

ያዝኩ። እርጥብ ፍራሽ እንደ በሬ ይከብዳል። ሦስት ፍራሽ፣ ሁለቱ የጎረቤት፤ አንድ ቁም ሣጥን፣ አንድ የስፌት መኪና። በመሃሉ ልብስ ሰፊ መሆኗን፣ ብቻዋን እንደምትኖር፣ ልጅ እንደሌላት፣ አከራይዋ ጣሪያውን አድሳለሁ ካላት ሁለት ዓመት እንደሞላው ነገረችኝ። ሦስተኛውን ስናወጣ ድልድዩ ላይ የሌላው ጋዜጣ ፎቶ አንሺ ረጅም ሌንስ ይዞ ሲያነጣጥር አየሁት። እጅ እንዳልነሳው እጄ ተይዟል።

የኔዎቹ ዛሬ አምስተኛ ገጽ ላይ ወጡ። ከነስማቸው።

ሰዓቱ የሌላውን ጋዜጣ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። የፊት ገጽ። ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ፍራሹን አቅፋ፣ ውሃው መሃል፣ አፏን ከፍታ ትጮኻለች። ጥሩ ፎቶ ነው። ጥርት ያለ። ከሥሩ፦ «ልጆቿን ለማዳን ከጎርፉ ጋር ብቻዋን የታገለች እናት ዋይታ።»

ዋይታ አልነበረም። «ቀስ በይ፣ ደረጃ አለ!» ነው ያለችው። ጆሮዬ አጠገብ ነበር።

«ይህ ሲነሳ አንቺ የት ነበርሽ?» አለኝ ሰዓቱ።

ፍራሹ የሚቆረጥበትን የፎቶውን ግራ ጠርዝ በእስክርቢቶ ነካሁለት። ጎንበስ አለ። መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«ጣቶቼ» አልኩት። «አራቱ ይታያሉ።»